የዓመቱ ትምህርት ለወላጅ ሲገለጽ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት እስከ ዘመናችን

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ በየትምህርት ቤቱ በር የሚታየው አንድ ነው። ልጆቻቸውን በእጃቸው የያዙ እናቶችና አባቶች ይሰለፋሉ። ወላጁ ልጁን ያስመዘግባል፤ የሚከፈል ካለ ይከፍላል፤ የደንብ ልብሱን ቀለም ይጠይቃል፤ ልጁ የጧት ወይም የከሰዓት ፈረቃ መሆኑን ይሰማል፤ ከዚያም ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጁ በዚያ ዓመት ምን እንደሚማር፣ ሰኔ ሲደርስ ምን ማንበብና ምን ማስላት እንደሚገባው፣ ቤተሰቡ በዚህ ረገድ ምን ሊያግዝ እንደሚችል ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገረው ይቀራል።

ይህ ጉድለት ከአንድ መምህር ስንፍና ወይም ከአንድ ወላጅ ቸልተኝነት የመጣ አይደለም። የራሱ የሆነ ረጅም ታሪክ አለው። በአገራችን ትምህርት ቤት ለወላጅ ትእዛዝ ሲያስተላልፍ፣ መዋጮ ሲጠይቅና ውጤት ሲያሳውቅ ኖሯል፤ ዕቅዱን ሲያሳይ የኖረው ግን እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። በሕንፃ ሥራ ባለቤቱ ፕላኑን ሳያይ መሠረት እንደማይቆፈር የሚያውቅ ባለሙያ የዚህን አሠራር እንግዳነት ለመረዳት አይቸገርም። ይህ ጽሑፍ የዓመቱ ትምህርት ለወላጅ እንዴት ይገለጽ እንደነበር፣ መቼና ለምን መገለጹ እንደ ቀረ፣ መቅረቱም ምን እንዳስከተለ በአጭሩ ይመረምራል።

ድምፁ የሚሰማ ትምህርት ቤት

ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በክርስቲያኑ ኅብረተሰብ ዘንድ የልጅ ትምህርት የሚጀመረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ወይም በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ነበር። ልጁ ፊደል በተጻፈበት ገበታ ላይ በስንደዶ እየጠቆመ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ ወደ አቡጊዳ ያልፋል፤ ቀጥሎ በዮሐንስ መልእክት ንባብ ይጀምራል። ንባቡም ደረጃ በደረጃ ነው፤ ፊደሉን እየነጠለ ከመቁጠር ተነሥቶ በግዕዝ ንባብና በወርድ ንባብ በኩል ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ልጁ ዳዊት የደገመ ዕለት ቤተሰቡ ድግስ ደግሶ መምህሩንና ጎረቤቱን ይጠራል።

የዚህ ትምህርት ቤት ጉድለት የታወቀ ነው። ዱላው የበዛ፣ ትርጉሙን ሳያውቁ በቃል መያዝ የነገሠበት፣ ለሴቶች ልጆች በሩን እምብዛም ያልከፈተ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አንጻር ሲታይ ኋላ የመጣው ትምህርት ቤት ያጣው አንድ ትልቅ ጸባይ ነበረው። የትምህርቱ ደረጃዎች በመንደሩ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቁ ነበሩ፤ ትምህርቱም የሚካሄደው ጮክ ብሎ ነበር። ራሱ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ የልጁን ድምፅ ከሌሎቹ ለይቶ ይሰማል፤ ትናንት ሲንተባተብ የነበረው ዛሬ ሲያንበለብል ያስተውላል። ልጅህ የት ደረሰ ተብሎ ሲጠየቅም አቡጊዳ ገባ፣ ወርድ ንባብ ላይ ነው፣ ዳዊት ጀመረ ብሎ ለመመለስ ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

በሙስሊሙ ኅብረተሰብ ዘንድ ያለው የቁርኣን ትምህርትም በዚህ በኩል ተመሳሳይ ነበር። ልጁ በእንጨት ሉሕ ላይ የተጻፈለትን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል፤ ያንን ሲያውቀው ሉሑ ታጥቦ ቀጣዩ ይጻፍለታል፤ ቁርኣኑን አክትሞ ሲጨርስ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ተሰብስበው ደስታቸውን ይገልጻሉ። በሁለቱም ዘንድ ሥርዓተ ትምህርቱ የመምህሩ ምስጢር ሳይሆን የኅብረተሰቡ የጋራ ዕውቀት ነበር። ወላጁ ልጁን በአደራ ሲሰጥ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ፣ የሚቀበለውም ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ዓመቱ ሲጀመር ዕቅዱን የሚያስረዳ ስብሰባ አላስፈለገም።

ዐዋጅና ጥርጣሬ

አዲሱ ትምህርት ሲመጣ ይህ የጋራ ዕውቀት አብሮ አልመጣም። ወላጁ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት የሰማው የመጀመሪያው ቃል ማስረጃ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ከስድስት ዓመት ጀምሮ እንዲማሩ አዘዙ፤ ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ ሀብቱ ለልጆቹ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንደሚሆን፣ ትምህርት ቤቱንና መምህሩን የሚያዘጋጀውም መንግሥት እንደሆነ አስታወቁ። ዐዋጁ በዘመኑ እጅግ የራቀ አሳብ የያዘ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ምን እንደሚማር ከማስረዳት ይልቅ ባይገባ ወላጁ ምን እንደሚያጣ ይናገር ነበር።

በጥቅምት 1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት ጥርጣሬው ገሃድ ወጣ። ካህናቱ የውጭ አገር ትምህርት የልጆችን ሃይማኖት ያናውጣል ብለው ሠጉ። መኳንንቱም ልጆቻቸውን ለመስጠት አመነቱ። ንጉሠ ነገሥቱ መፍትሔ ያገኙት መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች መካከል በማስመጣት ነበር፤ ትምህርት ቤቱን የመሩትም ግብፃዊው ሐና ሰሊብ ቤይ ነበሩ። ከአውሮፓ ቋንቋዎች ጎን ግዕዝና አማርኛም ይሰጡ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የወላጁ ሥጋት ከድንቁርና የመነጨ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ተወስቷል፤ ነገር ግን ልጁን ለማያውቀው ሰው የሚያስረክብ ወላጅ ምን ልታስተምሩት ነው ብሎ መጠየቁ የድንቁርና ሳይሆን የኃላፊነት ምልክት ነው። መምህራኑ የግብፅ ቅብጦች እንዲሆኑ መደረጉም ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር፤ በቃል ሳይሆን በሰው ምርጫ የተሰጠ መልስ።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተመርቆ ተከፈተ። በ1921 ዓ.ም. ደግሞ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ወላጁ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምረው የሚያዝ፣ ያላስተማረውንም የሚያስቀጣ ዐዋጅ ወጣ። በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቁጥሩ ግን ገና ጥቂት ነበር፤ ወረራው በ1928 ዓ.ም. ሲደርስም የተጀመረው ሥራ ተቋረጠ፤ ከተማሩት ወጣቶችም ብዙዎቹ በጠላት እጅ አለቁ።

ካርዱ፣ ጥሪውና በዓሉ

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ መንግሥት ልጆችን ለመሳብ በየስፍራው ምግብ፣ ልብስና ደብተር በነፃ ይሰጥ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የተማረ ልጅ የመንግሥት ሥራ እንደሚያገኝ ሲታይ ወላጁ ራሱ በር ማንኳኳት ጀመረ። የልደት የምስክር ወረቀት ባልነበረበት አገር መዝጋቢው ልጁን ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዘዋል፤ ከነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ከገጠር የመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በከተማ ባለ ዘመድ ቤት ነው፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ተብሎ የሚሞላው ስም የአባቱ ላይሆን ይችላል። አባቱ ራሱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነው።

በዚህ ዘመን በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ያለው ግንኙነት እስከ ዛሬ ያልለቀቀውን መልክ ያዘ። ግንኙነቱ ሦስት አጋጣሚዎች ነበሩት። አንደኛው ምዝገባ ነው። ሁለተኛው ልጁ ሲያጠፋ ወላጅ ይዘህ ና የሚባልበት ዕለት ነው። ይህ ጥሪ በተማሪው ዘንድ ከዱላው ይልቅ የሚፈራ ስለነበር ጎረቤት ወይም አላፊ አግዳሚ አስመስሎ ወላጅ የሚያቀርብ ልጅ በየትምህርት ቤቱ አይታጣም ነበር። ወላጁም የትምህርት ቤቱን ቅጥር የሚረግጠው እንደ ተከሳሽ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሦስተኛው የሰኔ የወላጆች በዓል ነው። መዝሙሩ ይዘመራል፤ ቲያትሩ ይታያል፤ ደረጃ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ስማቸው እየተጠራ ይሸለማሉ፤ ካርዱም ይታደላል።

ሦስቱም አጋጣሚዎች አንድ የሚጎድላቸው ነገር አለ። ምዝገባው ስለ ልጁ ዕድሜና ስም ይጠይቃል እንጂ ስለ ትምህርቱ አይናገርም። ጥሪው የሚመጣው ጥፋቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። በዓሉም የሚከበረው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ካርዱ በቁጥርና በቀይ ቀለም የተሞላ ወረቀት ነው፤ ማንበብ የማይችለው ወላጅ ቀዩን ከሰማያዊው ለይቶ ይደነግጥ ወይም ይደሰት ነበር እንጂ ልጁ ምን እንደጎደለው ሊያውቅ አይችልም። በቄስ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ሲያልፍ የልጁን ዕድገት በጆሮው ይለካ የነበረው አባት ልጅ፣ እርሱ ደግሞ በተራው አባት ሲሆን፣ የልጁን ዕድገት ከአንድ ቁጥር ውጭ በምንም ሊለካ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ በላይኞቹ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለነበር ልጁ በቤት ውስጥ ቢያጠና እንኳ የሚያነበው ለወላጁ ባዕድ ነበር።

ድንጋዩ የማን ነው

ወላጁ ዕቅዱን አይወቅ እንጂ ሸክሙን ግን በሚገባ ተሸክሟል። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ዐዋጅ በመሬት ላይ ግብር ጥሎ ገቢው በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል አደረገ። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስ ለሁሉም ልጅ እንዲዳረስ ግብ ሲያስቀምጥ፣ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ራሷ ከብዙዎቹ ጎረቤቶቿ ወደ ኋላ መቅረቷ ግልጽ ሆነ። ግቡ ክፍል ይጠይቃል፤ ክፍሉም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም።

መልሱ የተገኘው መሐንዲሶችና አናጺዎች በቅርብ በሚያውቁት መንገድ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በስዊድን መንግሥት እርዳታ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ክፍል ተቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ለአገሩ የአየር ጠባይና ለሠራተኛው ችሎታ የሚስማማ አንድ ዓይነት ፕላን ይዘጋጃል፤ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን በገንዘብ፣ በቁሳቁስና በጉልበት ያቀርባል፤ የቀረውን መርኃ ግብሩ ይሞላል፤ ባለሙያውም ሥራውን ይቆጣጠራል። በዚህ መንገድ ባለፉት አሠርት ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩ መማሪያ ክፍሎች ተሠርተዋል። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ምሩቃን ብዙዎች ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቅርብ ነበሩ።

ይህ ሥራ ከቁጥሩ ይልቅ ያስተማረው ነገር ይበልጣል። ድንጋይ ያመጣ ገበሬ ክፍሉ የት እንደሚቆም፣ በሩ ወዴት እንደሚዞር፣ ስንት ልጅ እንደሚይዝ ይጠይቃል፤ ይነገረዋልም። መሬት ላይ የተዘረጋው የካስማና የሲባጎ መስመር ማንበብ ለማይችለውም ግልጽ ነው። ሕንፃው በተጀመረበት ቀን ያለቀለትን ቅርጽ በዓይነ ሕሊናው ያያል፤ ስለዚህም ሲያንስ ይጨምራል፤ ሲጣመም ይናገራል። ይህ ሁሉ ማስረጃ ግን ግድግዳው ላይ አበቃ። ቆርቆሮው ተመትቶ ቁልፉ ለዳይሬክተሩ ከተሰጠ በኋላ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለዚያው ገበሬ የነገረው የለም።

ለሕዝብ ያልተገለጸው ዕቅድ

ለወላጅ አለመግለጽ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሁሉ በላይ ያሳየው በተለምዶ ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት ነው። ጥናቱ በ1964 ዓ.ም. በአገርና በውጭ አገር ባለሙያዎች ተዘጋጀ። መነሻው እውነተኛ ችግር ነበር። አብዛኛው የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት አላየም፤ ከፍተኛው ወጪ የሚውለው በከተማ ለሚኖሩ ጥቂቶች ነበር፤ ከሁለተኛ ደረጃ የሚወጡትም ሥራ ማግኘት አቅቷቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ያቀረቡት አሳብ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው እንዲወሰን፣ ትምህርቱም ከእርሻና ከአካባቢ ሥራ ጋር እንዲገናኝ ነበር።

ይህ አሳብ ጥሩም ይሁን መጥፎ ወላጆችና መምህራን ሳይመክሩበት ለረጅም ጊዜ ተሸሽጎ ቆየ። የተሸሸገ ነገር ደግሞ ወሬ ይወልዳል። በየቤቱ የተሰማው የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፣ ከዚያ ወደ ሞፈርና ቀንበር ይመለሳል የሚል ነበር። ልጁን ለማስተማር ላሙን የሸጠ ወላጅ ይህን ሲሰማ የሚሰማው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። መምህራኑም በደመወዝና በዕድገት በኩል የሚጎዳቸው ሆኖ አገኙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ጥናቱ ይፋ ሲሆን ጊዜው አልፎ ነበር። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የታክሲ ነጂዎችም በነዳጅ ዋጋ ምክንያት አደሙ፤ ተማሪውና ወላጁ ተቀላቀሉ። መንግሥት በዚያው ወር ዕቅዱን አገደ፤ ማዕበሉ ግን አልታገደም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የነበረው ሥርዓት ወደቀ።

ለሥርዓቱ መውደቅ ምክንያቱ አንድ ጥናት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ረኃቡ፣ የመሬት ጥያቄ፣ የወታደሩ ብሶትና የኑሮ ውድነት ሁሉም አብረው ነበሩ። ነገር ግን የልጆቹን ዕድል የሚወስን ዕቅድ ከወላጅ ተደብቆ ሊሠራ እንደማይችል ያ ወር በማያሻማ መንገድ አስመስክሯል። በወረቀት ላይ ስሌቱ የተስተካከለ ሥራ መሬቱ ሳይጠና ከተገነባ ይሰነጠቃል።

ኮሚቴውና የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ

አዲሱ መንግሥት ይህን ትምህርት በራሱ መንገድ ወሰደው። በ1969 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶች በሕዝብ እንዲተዳደሩና እንዲቆጣጠሩ ተወሰነ፤ የወላጆች፣ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የማኅበራት ተወካዮች ያሉበት የትምህርት ቤት ኮሚቴ በየስፍራው ተቋቋመ። ወላጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ወንበር አገኘ። ሆኖም ኮሚቴው በሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገረው ስለ አጥር፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ዴስክና ስለ መዋጮ ነበር፤ ከላይ የሚመጣውን መመሪያ ማስተላለፍም ሌላው ሥራው ነበር። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት የመምህሩና የሚኒስቴሩ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

በወላጅና በትምህርት መካከል ያለውን ግድግዳ የነካው ከኮሚቴው ይልቅ ሌላ ሥራ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጎልማሶችም ተመዘገቡ። ዘመቻው በብዙ በኩል የዘመኑ ፖለቲካ ተጭኖት ነበር፤ ተምረው የረሱትም ብዙ ናቸው። ነገር ግን በየቤቱ አንድ አዲስ ነገር ተፈጠረ። ማታ በፋኖስ ብርሃን እናት የራሷን መማሪያ፣ ልጅ የራሱን መጽሐፍ ይዘው በአንድ መደብ ላይ ተቀመጡ። እናቲቱ ልጇ የቱ ገጽ ላይ እንደደረሰ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየች። ካርዱን የሚያነብላት ጎረቤት መፈለጓም ቀረ።

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃን ወደ ስምንት ዓመት አሳደገ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል የሚከፈለውን ክፍያ አስቀረ፤ ትምህርቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. ሦስት ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያም የወላጅ መምህር ኅብረትን በየትምህርት ቤቱ አደራጀ።

ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን በክፍሉ ውስጥ የተለወጠው ነገር ብዙ ሆኖ ሳለ ለወላጅ የተገለጸለት ጥቂት ነው። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲይዝ ተደረገ፤ ወላጁ የመምህር እጥረት መሰለው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጁ ሳይወድቅ እንዲዛወር ተፈቀደ፤ ወላጁ ልጁ ጎበዝ የሆነ መሰለው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ ሲሆን በአንዳንድ ስፍራ ወላጆች ልጃችን ነገ በሌላ አገር ሥራ አያገኝም ብለው ተቃወሙ፤ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ንባብን ቶሎ እንደሚለምድ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው አልነበረም። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ነበረው። ምክንያቱ ግን ከመመሪያው ገጽ ወጥቶ ወደ ወላጁ ጆሮ አልደረሰም።

ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ታየ። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህን ለማወቅ አገር አቀፍ ጥናት ባላስፈለገም ነበር። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ማንበብ እንደሚገባው በመስከረም የተነገረው ወላጅ በጥር ወር ልጁን አንድ ገጽ አስነብቦ ሊደርስበት ይችል ነበር፤ ራሱ ማንበብ ባይችል እንኳ ልጁ መንተባተቡን ወይም መፍጠኑን እንደ ጥንቱ አባት በጆሮው ይለየዋል። ዳኛው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መዝገቡ አልቀረበለትም። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እንደገና ወደ ስድስት ዓመት ሲመልሰውም ይኸው ጥያቄ ተከትሎታል፤ ለውጡን ለወላጁ ማን ያስረዳው?

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከዚህ የተለየ ልማድ ገጥሟቸዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወላጆች በአንድ ምሽት ወደ ልጃቸው ክፍል ይጋበዛሉ። መምህሩ የዓመቱን ትምህርት፣ የቤት ሥራውን ሥርዓትና የሚገናኙበትን መንገድ ያስረዳል። በሞንትጎመሪ አውራጃ ለወላጆች የሚዘጋጁ ጽሑፎች በአማርኛም ይታተማሉ። ልማዱ ሁሉን ችግር የፈታ አይደለም፤ የምሽት ሥራ ያለበት ወላጅ ይቀራል፤ ቋንቋው ያልገራለትም አንገቱን እየነቀነቀ ይወጣል። ዋናው ነገር ግን ወላጅ የተጠራው ልጁ ስላጠፋ አለመሆኑ ነው።

በመስከረም የሚደረግ ስብሰባ

የዚህ ታሪክ ፍሬ አንድ ነው። ጥንታዊው ትምህርት ቤት ዕቅዱን ለወላጅ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ዕቅዱ የሁሉም ነበርና። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን በየጊዜው የሚለወጥ፣ ከሩቅ የሚመጣና በዝግ ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ ካልተነገረ አይታወቅም። የማስረዳቱ ሥራ ስለዚህ የትህትና ወይም የጨዋነት ጉዳይ ሳይሆን የትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ በአንድ የዕረፍት ቀን የአንድ ክፍል ወላጆች ብቻቸውን ይጠራሉ እንጂ ከመላው ትምህርት ቤት ጋር በሜዳ ላይ አይሰበሰቡም። መምህሩ መጽሐፉን ገልጦ ልጁ ዛሬ ያለበትን ገጽና በሰኔ ሊደርስበት የሚገባውን ገጽ ጎን ለጎን ያሳያል። በሒሳብም እንዲሁ አንድ የመስከረምና አንድ የሰኔ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ልጁ ቢዘገይ ወላጁ ማንን፣ በየትኛው ቀን እንደሚያነጋግር ይነገረዋል። ወላጁም በተራው መምህሩ የማያውቀውን ይናገራል፤ ልጁ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደሚጓዝ፣ ለአዝመራ ወይም ለገበያ ቀን እንደሚፈለግ፣ ማታ የሚያጠናበት መብራት እንዳለና እንደሌለ። ስለ መዋጮ በዚያ ዕለት አይነሣ። ስብሰባ በተባለ ቁጥር እጁን ወደ ኪሱ መስደድ የለመደ ወላጅ መጽሐፉን ለማየት ዓይኑን ቀና አያደርግምና።

በዚህ ረገድ ለመሐንዲሶችና ለአርክቴክቶች የሚተርፍ ሥራም አለ። እስከ ዛሬ የተሠሩት አብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲነደፉ ወላጅ እንደ ተጠቃሚ አልተቆጠረም። በፕላኑ ላይ መማሪያ ክፍል፣ ቢሮ፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ አለ፤ ወላጅና መምህር የሚቀመጡበት ስፍራ ግን የለም። ስብሰባው በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በኳስ ሜዳ ይደረጋል፤ በሜዳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ ገልጦ ለሁሉ ማሳየት አይቻልም። በክፍል ውስጥ ከተደረገም አዋቂው ሰው ለስምንት ዓመት ልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል፤ ይህም በራሱ እንግዳነቱን ይነግረዋል። በክፍሎቹ ጫፍ ጥላ ያለው ሰፋ ያለ በረንዳ፣ በግድግዳው ላይ ሰሌዳ፣ ከግንቡ ጋር የተያያዘ ለአዋቂ የሚመች መቀመጫ ቢጨመር የሚያስከትለው ወጪ ከጠቅላላው ሥራ አንጻር ትንሽ ነው። ድንጋዩን ያመጣው ገበሬ፣ ቆርቆሮውን የገዛው ነጋዴ፣ ጭቃውን ያቦካችው እናት በሠሩት ቤት ውስጥ ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን ልጃቸው ምን እየሠራ እንደሆነ ተቀምጠው የሚሰሙበት ስፍራ ሊያገኙ ይገባቸዋል።